የእናትሽ ጩኸት

ኪልቫርና
እሑድ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2015

ለውድ ልጄ ለኑዋላ፣

እንደምን አለሽ የኔ እመቤት? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ግን ደህና አይደለም። ከገና ወዲህ አባርቶ ስለማያውቅ የታችኛው መስክ ኩሬ ሆኖ ዳክዬ ገብቶበታል። ላሞቹም ከበረት ሳይወጡ ስለሰነበቱ ፊታቸው እንደ እኔ ተኮሳትሯል። እናንተ ጋ ፐርዝ ውስጥ ደግሞ ሰው ከሙቀት ብዛት ባሕር ውስጥ ይውላል አሉ። ምቀኝነት አይምሰልብኝ እንጂ እግዜር ማከፋፈል አይችልበትም። ውሻው ዛሬም መኪና በመጣ ቁጥር ወደ በሩ ይሮጣል፤ ማንን እንደሚጠብቅ እኔ ምን አውቃለሁ።

ለገና በላክሽው ካርድ ላይ «እማዬ ስለ ዋንጫው ጨዋታ ለምን አንድ ቃል አትነግረኝም? ኢንዳም ተሸነፍን ብሎ ዘጋኝ» ብለሽ ጽፈሻል። እናትሽ ካርዱን ጮክ ብላ እያነበበችልን እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ዘለለችው። በኋላ ብድግ አድርጌ አየሁት። ዛሬ እሷ ወንዙን ተሻግራ ኮልምን ልትጠይቅ ስለሄደች፣ ኩሽናውም ለብቻዬ ስለሆነልኝ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከወንድምሽ ልጀምር።

አንቺ ስትሄጂ ኢንዳ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ዱላውን ታቅፎ የሚተኛ፣ የጎተራውን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ የሚውል። ያ የዱላና የኳስ ጨዋታችን ሀርሊንግ ከተነሣ ምግብም አያስታውስም። ምኞቱ እንደ ማንኛውም ልጅ ጎል ማግባት ነበር። ባለፈው ፀደይ ዲኒ ሂኪ፣ ያ ሚስማርና ቀለም የሚሸጠው ዲኒ፣ አሁን የአጥቢያችን ዋና ቡድን አሠልጣኝ ሆኗል፣ ጠራውና ቁጥር አራት ማሊያ ወረወረለት።

«ይኼ እኮ የተከላካይ ነው» አለ ኢንዳ።

«ቁጥር ትለያለህ ማለት ነው፤ ጎበዝ።»

«እኔ አጥቂ ነኝ።»

«አጥቂማ ሞልቶናል። እኔ የቸገረኝ እንደ መዥገር የሚጣበቅ ሰው ነው። አንተ ስትጣላም፣ ስትበላም፣ ስታኮርፍም አትለቅም። አባትህን ስለማውቀው ዘርህን አውቃለሁ።»

ልጁ ቤት መጥቶ አኮረፈ። እኔም ላጽናናው ብዬ፣ «አጥቂ ጎል ባገባ ቁጥር ይሞገሳል፤ ተከላካይ የሚነሣው የተሳሳተ ቀን ብቻ ነው። ማንም ካላነሣህ ሥራህን ሠርተሃል ማለት ነው» አልኩት። «ይኼ ማጽናኛ ነው?» ብላ እናትሽ በዕቃ ማድረቂያው ፎጣ ትከሻዬን መታችኝ።

የመጀመሪያ ጨዋታው ላይ የተሰጠው ሰው ሦስት ልጆች ያሉት፣ ሆዱ ከማሊያው የሚቀድም አሮጌ አጥቂ ነበር። እግሩ አይሮጥም፤ ምላሱ ግን ይሮጣል። ከመጀመሪያዋ ፊሽካ ጀምሮ ጆሮው ሥር ሲለፈልፍበት ዋለ።

«አንተ ሕፃን፣ እዚህ መሆንህን እናትህ ታውቃለች?»

ኢንዳ ኳሷን ቀድሞት አወጣት።

«ወተትህን ጠጥተህ ነው የመጣኸው?»

ኢንዳ አሁንም ኳሷን ቀማው። በመጨረሻ ሰውዬው ኳስ ሳይነካ ሲያለከልክ ዞር ብሎ፣ «እናቴማ ታውቃለች። ሽማግሌ እንዳትገፋ ብላ መክራኛለች» አለው። ይህ ወሬ ከኢንዳ ቀድሞ ቤት ገባ። ወተት የሚወስደው የመኪናው ሾፌር እንኳ እየሳቀ ነገረኝ።

ክረምት ሲቃረብ ስሙ ከአጥቢያችን አልፎ ሄደ። ከሁሉ የሚያስገርመው ማጥመዱ ነበር። ባላጋራው ኳሷን ሊመታ ዱላውን ሲያነሣ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የራሱን ዱላ ዘርግቶ ምቱን አየር ላይ ይይዝበታል። ሰውዬው ዱላው የት እንደቀረ ሳያውቅ ባዶውን ይዞራል። ይህ ነገር ሲደረግ ድምፁ ቀጭ ነው፤ እንጨት ከእንጨት ሲገናኝ። እኔ ከጎል ይልቅ ያን ድምፅ እወዳለሁ።

እንግዲህ እንደ ሰማሽው ለአውራጃው ዋንጫ ፍጻሜ ደረስን። ኪልቫርና ፍጻሜ የገባው እኔ ፀጉር በነበረኝ ዘመን ነው። እና ከማን ጋር ቢሆን ጥሩ ነው? ከድሮማን ጋር! ከወንዙ ማዶ፣ ከእናትሽ አገር።

ኢንዳ እንዲይዝ የተሰጠው ደግሞ ኮልምን ነበር። ኮልምን ለአንቺ አላስተዋውቅም። እናቱ ኦና ስትሞትና እናትሽ የእህቷን ልጅ አቅፋ ድልድዩን ተሻግራ ስታመጣው ክፍልሽን የለቀቅሽለት አንቺ ነሽ። አባቱ ሌላ ሚስት አግብቶ እስኪወስደው ድረስ ከእናንተ ጋር አንድ ማዕድ በልቶ አደገ። ሰው ግን የሚጫወተው ለሚኖርበት አጥቢያ ነው፤ ይህን ሕግ ጳጳሱም አይሽረውም። ስለዚህ ኮልም የድሮማን ሆነ፤ እግዜር ይቅር ይበለውና በአውራጃችን ከሱ የሚበልጥ አጥቂ የለም።

በዚያ ሳምንት በመንደሩ ያልተሰቀለ ባንዲራ አልነበረም። ቢጫና ጥቁራችንን ከጎተራው ጣሪያ እስከ ላሞቹ በር ሰቀልኩ። ከኩሽናው መስኮት ሆነሽ ወንዙን አሻግረሽ ስታዪ ደግሞ እናትሽ የተወለደችበት ቤት ላይ የእነሱ አረንጓዴ ይውለበለባል። ዕቃ ስታጥብ ሁለቱንም ታያለች። ሱቅ ስትሄድ ደግሞ ነገረኛ አይጠፋም።

«ፊሎሚና፣ እሑድ የማን ነሽ?»

«የባሌ።»

«ልብሽስ?»

«ልቤን የማሳየው ለሐኪም ነው። ዳቦውን ስጠኝ።»

ትሳሳቃለች እንጂ ሌሊቱን ስትገላበጥ እሰማታለሁ። ምክንያቱም ጨዋታው የዋንጫ ብቻ አልነበረም። የአውራጃው አሠልጣኝ ለአውራጃው ቡድን አንድ የጥግ ተከላካይ ይፈልግ ነበር፤ ሊያየው የሚመጣውም ኢንዳን ነው። ዲኒ ፊት ለፊት ነግሮታል፦ «ኮልምን ከያዝከው ገባህ፤ ካመለጠህ ሌላ ሰው ያገኛል።» አንቺ የዚህ አገር ልጅ ነሽ። አንድ የኪልቫርና ልጅ የአውራጃውን ማሊያ መልበስ ምን እንደሆነ ላስረዳሽ አልችልም። ልጁ ምግብ መብላት አቁሞ ነበር።

ሜዳው ጢም ብሏል። እኔና እናትሽ ከጎሉ አጠገብ፣ አጥሩ ሥር ቦታ አገኘን፤ ወሬኛዋ ወይዘሮ ላፋን ከነሻይ ቴርሞሷ ከጎናችን። ኢንዳ እንደዚያን ቀን ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ኮልም ወዴትም ቢሄድ ጥላው ሆነበት። አንዴ ኮልም ራሱ ሳቅ ብሎ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው አየሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እየመራን ነው። ጎል ሦስት ነጥብ ስለሆነ እነሱን የሚያድናቸው ጎል ብቻ ነበር።

ረጅም ኳስ መጣ። ኮልም አየር ላይ በእጁ ቀለባት፤ አረፈ፤ ወደ ቀኙ ዞሮ ሊመታ ዱላውን አነሣ። ኢንዳ ከኋላው ዱላውን ዘርግቶ ሊያጠምደው የቀረው የጣት ያህል ነው። የወንዙ ወዲህም ማዶም ሰው ይጮኻል። በዚያ ሁካታ መሐል ከጎኔ፦

«ከኋላህ ነው!»

እናትሽ ናት ኑዋላ። ላም ከወንዝ ማዶ በምትጠራበት ድምፅ። ኮልም ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ዱላውን ወደ ሆዱ ሰበሰበና በግራው ዞሮ መታ። የኢንዳ ዱላ ባዶ አየር ቀዘፈ። መረቡ ተንቀጠቀጠ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ለምን ጮኸች ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ታውቂዋለሽና። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ግቢው ውስጥ ሲጫወቱ ኢንዳ ከኮልም ኋላ እየተሽሎከሎከ ሊያጠምደው ይመጣል፤ እሷ ደግሞ ከመስኮቱ ሆና ለኮልም ታስጠነቅቀዋለች፤ ሦስቱም በሳቅ ይሞታሉ። ዓመታት ያንን የጩኸት ልማድ ከጉሮሮዋ አላወጡትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሐውልት ቆመች። ወይዘሮ ላፋን ዘወር ብላ አየቻት፤ ግን ያቺ ሴት ከተወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችውን ነገር ለማንም አላወራችም።

ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ኢንዳን ሰውየው አመለጠው። የአውራጃው አሠልጣኝ ራሱ መጥቶ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አጥምደኸው ነበር እኮ። ምን ሆንክ?» ብሎ ጠየቀው።

«ዘገየሁ» አለ ኢንዳ።

«ሌላ ምክንያት የለህም?»

«የለኝም። ዘገየሁ።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ማክሰኞ ሌላ ልጅ፣ ከከተማው ቡድን፣ ለአውራጃው ሊጠራ ነው የሚል ወሬ ሰማን። መጠጥ ቤቱ ውስጥም፣ ከቅዳሴ በኋላም፣ «ልጁ ገና ጥሬ ነው»፣ «በመጨረሻዋ ሰዓት ተኛ» ይሉ ጀመር። ኢንዳ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እናትሽ ጥቂት ቀን ቻለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ኢንዳ፣ ያን ቀን የጮህኩት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ቅቤውን አቀብዪኝ።»

«ሰምተህ ነው ዘገየሁ ያልከው?»

«ታዲያ ምን ልበል? እናቴ ለድሮማን ጮኸች ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነዋ!»

«እማዬ ስሚኝ። እኔን ቢሰድቡኝ በሚመጣው ዓመት አንድ ጨዋታ ሳሸንፍ ይረሱታል። አንቺን ግን አይረሱልሽም። ይኸው ሦስት ልጅ አሳድገሽላቸው፣ ቀብራቸው ላይ ቆመሽ፣ አሁንም ‹የድሮማኗ› ነው የሚሉሽ። እኔ አንድ ክረምት ብቀር አልሞትም።»

ተነሥቶ ቅቤውን ራሱ ወሰደ። እኔ ወደ ላሞቹ ወጣሁ። ላሞቹ የፈለጉት ነገር ኖሮ አይደለም። ልጁ አንጀቴን በላው፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን አስቦ፣ ይህን ችሎ፣ ዝም ብሎ ከእኔ ጋር በረት ሲጠርግ ይውላል። ኮርቼበታለሁ ብዬ ልነግረው ፈልጌ «አካፋውን በቦታው መልስ» አልኩት።

አንቺ እናትሽን ታውቂያታለሽ። ልጅ ሲሸከምላት ተቀምጣ የምታይ ሴት አይደለችም። በኖቬምበር መጨረሻ ቡድኑ በአጥቢያው አዳራሽ እራት ተጋበዘ። እንደ ወትሮው ሴቶቹ ሻይ ይቀዳሉ፣ ካህኑ ይባርካሉ፣ ዲኒ ንግግር ያደርጋል። ዲኒ አመሰገነ፣ አወደሰ፣ በኋላ ወደ ኢንዳ አየት አድርጎ፣ «እንግዲህ በመጨረሻዋ ሰዓት ባንተኛ ኖሮ ዛሬ ዋንጫው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር» አለ።

እናትሽ ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ዲኒ ሂኪ፣ ልጄ አልተኛም።»

«እማዬ፣ ተዪ» አለ ኢንዳ።

«አልተውም! ልጄ አጥምዶት ነበር። ‹ከኋላህ ነው› ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። የኦና ልጅ ነው፤ እዚሁ ቤቴ ነው ያሳደግሁት፤ አፌ ቀደመኝ። እሱ ሰምቷል፤ ለእኔ ብሎ ነው ዘገየሁ ያለው። መስደብ የሚፈልግ እኔን ይስደብ። ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ዳር አፌን አልከፍትም፤ ካህኑ ይስሙኝ፣ ምያለሁ። የልጄን ስም ግን መልሱልኝ።»

ሰው ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ዞሮ አያት። ከኋላው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን ሻይዋን ስንጠጣ፣ ለካ ሰላይ ናት!» ሲሉ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወይዘሮ ላፋንም «እኔም ሰምቼ ነበር! ምስጢሩን ስይዝ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር!» ብላ አለቀሰች። ሁሉም አልሳቀም፤ ውሸት አልጽፍልሽም። ባሏና ወንድሞቿ በሙሉ ለኪልቫርና የተጫወቱላት ሺላ እስከዛሬ እናትሽን አታናግራትም። ዲኒ ግን ቀልቶ፣ ላብ ላብ ብሎት፣ ስልኩን ይዞ ወደ ውጪ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኢንዳ መኪናው ውስጥ ተቆጣ። «ማን አማልዱኝ አለ?» አላት።

«እናት ተለምና አታውቅም» አለችው።

የገና ሳምንት የአውራጃው አሠልጣኝ ደወለ። ኢንዳ ስልኩን ዘግቶ ወደ ምድጃው መጣ። «እሑድ ልምምድ እንድመጣ ተባልኩ» አለ። እናትሽ መሐረቧን ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ አልኩ፤ እሳቱ እንዳልነደደ ሁለቱም ያውቃሉ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ የመጀመሪያውን የአውራጃ ጨዋታ ተጫወተ። የክረምት ጨዋታ ነው፤ ጭቃ፣ ንፋስ፣ ቁጥሩ ከላሞቼ የማይበልጥ ተመልካች። ኮልምና ኢንዳ ግን አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው ጎን ለጎን ሲወጡ ብታዪ! አንዱ ወዲያኛው ጎል ጋ፣ አንዱ ወዲህኛው ጋ። እናትሽ መሐላዋን ጠብቃ፣ የአንገት ልብሷን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቆመች። ቃል አልወጣትም።

ልጁ ግን ተበላሸ። የሚይዘው ሰው አንዴ አለፈው፤ ደግሞ አለፈው። ይዘገያል፤ ወደ አጥሩ ያያል፤ እንደገና ይዘገያል። አሠልጣኙ ሊቀይረው ለተጠባባቂው ምልክት ሲሰጥ አየሁ፤ ተጠባባቂውም መሟሟቅ ጀመረ። ለዕረፍት ሲወጡ ኢንዳ ከጓደኞቹ ጋር እንደ መሄድ የራስ ቁሩን አውልቆ ሜዳውን አቋርጦ ወደ እኛ መጣ። እንዲህ የሚያደርግ ተጫዋች በዕድሜዬ አላየሁም። ፊቱ ጭቃ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

የአንገት ልብሷን ከአፏ አወጣች። «ምንም አልሆንኩ። ምያለሁ አይደል እንዴ?»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«አንተን ላለማጥፋት ነዋ የኔ ልጅ!»

«እኔ እኮ ያልመጣሽ መሰለኝ» አላት። ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ሆነ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ድምፅሽን ሳልሰማ ተጫውቼ አላውቅም። ለማንም ጩኺ። ለኮልም ጩኺ፤ ለዳኛው ጩኺ፤ ከፈለግሽ ለባላጋራዬ ጩኺለት። ብቻ ዝም አትበዪብኝ፤ ዝም ስትዪ የት እንደቆምኩ ይጠፋኛል።»

ተመልሶ እየሮጠ ሄደ። እናትሽ የአንገት ልብሷን መልሳ አንገቷ ላይ ጠመጠመች። በሁለተኛው አጋማሽ የጮኸችውን አልጽፍልሽም፤ ፖስታ ቤቱ አይቀበለውም። መሐላዋን ግን ካህኑ በሰላም ፈትተውላታል፤ እሳቸውም እዚያው ነበሩና። ኢንዳም ሰውየውን ሁለት ጊዜ አጠመደው፤ ቀጭ! ተጠባባቂው ጃኬቱን መልሶ ለበሰ።

እናትሽ መቼ እንደምትመጪ ትጠይቃለች። እኔ አልጠየቅሁም፤ ሥራሽን ሥሪ፤ ወጣት ነሽ፤ ፀሐዩም አለልሽ። ክፍልሽ ውስጥ ማሞቂያውን አንዳንዴ አበራዋለሁ፤ እርጥበት እንዳይገባው ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

የኢንዳን እግር ያጸና አምላክ ያንቺንም ይጠብቅ። በሰው አገር ሰው ይስጥሽ፤ መንገድሽ ቀና ይሁን፤ ባሕሩን ያሻገረሽ በሰላም ይመልስሽ። ልጄ፣ ድምፅሽን አታጥፊብን።

ናፋቂሽ አባትሽ፣
ማት